ለካሜራ የሚሆን ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ስትመርጡ መጀመሪያ ዕቃችሁን ለኩ

ቦርሳ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ነው?» ብሎ ነው። ሊትር ለልብስ ቦርሳ ይሠራል፤ ስለ ካሜራ ቦርሳ ግን ብዙ አይነግራችሁም። «20 ሊትር» ከተባለው ላይ ስፖንጁ የበላውን፣ የላፕቶፑን ኪስ፣ ከላይ ለጃኬት የተተወውን ቦታና የፊት ኪሶቹን ቀንሱ፤ ለካሜራው የሚተርፈው ግማሽ ያህሉ ነው። የካሜራ ክፍሉ ቁመት 28፣ ወርዱ 27፣ ጥልቀቱ 12 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ሦስቱ ሲባዙ የሚገኘው 9 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የውስጡ ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ነው። ከሦስቱ ደግሞ ሰው የሚረሳውና በኋላ የሚያስቆጨው ጥልቀቱ ነው።

ልኬቱ የሚጀምረው ቤት ነው። ዕቃችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ስትለኩ ቦዲውን (ሌንስ ያልተገጠመለትን ካሜራ) እና ሌንሱን ለየብቻ ሳይሆን በሥራ ሰዓት በሚኖሩበት አቋም ያዟቸው፤ ሌንሱ ተገጥሞ፣ ሁዱ (የሌንሱ አፍ ላይ የሚገጠመው የብርሃን መከለያ) ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ ማንገቻው እንደታሰረ። ቦዲና ሌንስ ተለያይተው ብቻ የሚገቡበት ቦርሳ ለማጓጓዣ ይሆናል እንጂ ለሥራ አይሆንም። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ገና ሌንስ የሚገጥም ሰው ያንን ፎቶ አጥቶታል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ወርዱ 15.1፣ ቁመቱ 11.6 ሴንቲሜትር ነው። 24–70 ኤፍ 2.8 የተባለው ሌንስ ሁለተኛው ትውልድ ሲገጠምለት ከዓይን ማሳረፊያው እስከ ሌንሱ አፍ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ካሜራ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ሲተኛ የራሱ ቁመት ወደ ቦርሳው ጥልቀት ይዞራል። ውስጡ 11 ሴንቲሜትር ብቻ የሆነ ቦርሳ ዚፑ ሊዘጋ ይችላል፤ ግን የሚዘጋው ካሜራውን ተጭኖ ነው። ጫናው ከላይ ፍላሽ መግጠሚያውና መደወያዎቹ ላይ ያርፋል፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ጀርባችሁን ሲደገፍ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ቦዲ ቢያንስ 12፣ ቢቻል 13 ሴንቲሜትር ፈልጉ። ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ቁመቱ 9.6 ስለሆነ 11 ይበቃዋል። ከሥር የባትሪ ግሪፕ (ተጨማሪ ባትሪ የሚይዝ መያዣ) የምታስሩ ግሪፑን ጨምራችሁ ለኩ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ቦርሳዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

አሁን የውስጡ ወርድ 28፣ ቁመቱ 38፣ ጥልቀቱ 13 የሆነ ቦርሳ አለን እንበል። ከታች 70–200 ኤፍ 2.8 ሌንስ በአግድም ይተኛል፤ ርዝመቱ 20 ሴንቲሜትር ነው፣ ሁዱ ሲገለበጥበት ውፍረቱ 11 አካባቢ ይደርሳል። ከጎኑ መከፋፈያው ከተነሣ በኋላ 7 ሴንቲሜትር ይቀራል፤ እዚያ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ቁጭ ይላል። መሐል ላይ ካሜራው ከ24–70 ጋር በአግድም ይገባና 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ይይዛል። ጎኑ የምትቀረዋ ጠባብ ቦታ ለቻርጀር፣ ለሚሞሪ መያዣና ለመጥረጊያ ጨርቅ ትሆናለች። ከላይ 10 ሴንቲሜትር ይተርፋል፤ ጎዶክስ ቪ1 ፍላሽ 20 ሴንቲሜትር የማይሞላ ስለሆነ እዚያ ይተኛል፣ ባትሪዎቹም ጎኑ ይገባሉ። አለቀ። ሁለተኛው ቦዲ ቦታ የለውም፤ አንገት ላይ ወይም ትከሻ ላይ ይውላል። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም። ሁለት ቦዲ የሚይዝ ሰው በሥራ ሰዓት አንዱን ሁልጊዜ አውጥቶ ስለሚይዘው፣ ለእሱ ብሎ 30 ሊትር መሸከም የለበትም።

ይህን ሥዕል ወረቀት ላይ በልኩ ሥሩት። ቦርሳው ፊታችሁ ከሌለ ደግሞ ካርቶን ቁረጡና የቦርሳውን የውስጥ ልክ ሣጥን ሠርታችሁ ዕቃውን ክተቱበት። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይዞት የሚመጣውን፣ መልሳችሁ መላክ የማትችሉትን ቦርሳ ስታዝዙ በጣም ይጠቅማል። ዘመዳችሁ የሚልክላችሁ ልኬት የውጭ ነው ወይስ የውስጥ የሚለውን አጣሩ። የውጭ ብቻ ከሆነ ከጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ቀንሱ። በኢንች ከተጻፈ በ2.54 አባዙ።

ክብደቱ

ዕቃውን ከለካችሁ በኋላ መዝኑት። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከላይ ያለው ስብስብ እንዲህ ይመጣል፦ ቦዲው ከነባትሪው 890 ግራም፣ 24–70ው 805፣ የ70–200ው ሦስተኛ ትውልድ 1480፣ 50 ሚሊሜትሩ 160፣ ፍላሹ ከነባትሪው 530፣ ሦስት ትርፍ ባትሪ 240፣ ቻርጀርና ጥቃቅን ነገር 300። ድምሩ 4.4 ኪሎ ነው። ሁለተኛ ቦዲ፣ ለምሳሌ 6ዲ ማርክ 2 ስትጨምሩ 765 ግራም ይጨመርና 5.2 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

የቦርሳው ባዶ ክብደት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፒክ ዲዛይን ኤቭሪዴይ የሚባለው ባለ 20 ሊትር ቦርሳ ባዶውን 2 ኪሎ አካባቢ ነው፤ በጥንካሬውና በአከፋፈቱ የሚወደድ ዕቃ ነው፣ ግን 2 ኪሎ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ መደብ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱን ቦዲ ከታችሁ በ2 ኪሎ ቦርሳ ስትመዝኑት 7.2 ኪሎ ይሆናል፤ ውኃም ላፕቶፕም ሳይገባ አለፈ ማለት ነው። ቦርሳው 1.3 ኪሎ ቢሆን 6.5 ላይ ትቆማላችሁ። ስለዚህ ብዙ በአውሮፕላን የምትጓዙ ከሆነ የባዶ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ በላይ የሆነ ቦርሳ አልመክራችሁም። ሚዛኑ ካለፈ ደግሞ አንዱን ካሜራ ከነሌንሱ አንገታችሁ ላይ አድርጉት፤ የተረፈውን ትንንሽ ሌንስ የጃኬት ኪስ ይይዘዋል።

ስለ ባትሪ የሚረሳ ነገር አለ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከእናንተ ጋር ካቢን ውስጥ መሆን አለበት። ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ አባዙ፤ ለ5ዲው የሚሆነው ኤልፒ-ኢ6ኤን 7.2 ቮልትና 1865 ሚሊአምፔር-ሰዓት (1.865 አምፔር-ሰዓት) ስለሆነ 13 ተኩል አካባቢ ነው፣ አያሰጋም። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ፓወር ባንክም በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ነው፣ ያልፋል። ባትሪዎቹን ሁሉ በአንድ ትንሽ ከረጢት ውስጥ፣ የብረት አፋቸው ተሸፍኖ አኑሯቸው። ምክንያቱም ወደ ጎንደር፣ ላሊበላ ወይም ጅማ በምትሄዱበት ቦምባርዲየር ኪው400 አውሮፕላን ላይ ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ትንሽ ነው። ጠጣር ቦርሳ አልገባም ብሎ በር ላይ ወደ ዕቃ ክፍል ሊወሰድባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ከረጢቷን መዝዞ ማውጣት የአንድ ሰከንድ ሥራ ይሆናል። ያልተጨናነቀ ባለ 20 ሊትር ቦርሳ ግን ከፊት ወንበር ሥር ይገባል፤ ትንሽ ቦርሳ ለመምረጥ ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

አከፋፈቱ

ከፊት በኩል ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ቦርሳ አለ፣ በጀርባ ማሳረፊያው በኩል የሚከፈት አለ፣ በጎን በትንሽ በር የሚከፈት አለ። የሥራ ቦታችሁ ነው የሚወስነው።

በፊት የሚከፈተውን ስትከፍቱ ጀርባውን መሬት ላይ ታስተኙታላችሁ። ክረምት ላይ ጭቃው ጀርባው ላይ ይለጠፍና ቀጥሎ ነጭ ሸሚዛችሁ ላይ ይመጣል። በጀርባ የሚከፈተው ይህ ችግር የለበትም፤ ሌባም አዝላችሁት ሳለ ዚፑን ሊያገኘው አይችልም። ግን አውልቃችሁ ካላስቀመጣችሁ አይከፈትም፤ ማስቀመጫ በሌለበት ቦታ ያስቸግራል። በጎን የሚከፈተው አንዱን ማንገቻ አውልቃችሁ ወደ ደረት ስታዞሩት ካሜራው እጃችሁ ላይ ይመጣል። ፈጣን ነው፤ በአንጻሩ በጎን በር የሚወጣው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፣ የቀረውን ለማየት ዋናውን መክፈት አለባችሁ።

የጥምቀትን በዓል ጎንደር ላይ እናስበው። ጥር 11 ጠዋት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሰው ከሰው ተጣብቆ ቆሟል፣ ጸበል በሕዝቡ ላይ ይረጫል፣ ወጣቶች ወደ ውኃው ይዘላሉ። እዚያ ቦርሳ መሬት ላይ አይቀመጥም። በጎን የሚከፈት፣ ደረት ላይ ዞሮ የሚያዝ፣ ሌንስ ለመቀየር እንደ ጠረጴዛ የሚያገለግል ቦርሳ ነው የሚያስፈልገው። የጎን በሩ ዚፕ ከላይ ወደ ታች ሲከፈት የቀረው ክፍል እንደ ኪስ ሆኖ ካሜራውን መያዝ አለበት፤ እስከ ታች ድረስ የሚዘረገፍ ከሆነ ሰው ሲገፋችሁ ሌንሱ ይወድቃል። ሱቅ ውስጥ ይህን ፈትኑ፤ በሩን ክፈቱና ቦርሳውን ወደ በሩ አዘንብሉት፣ ውስጥ ያለው ነገር ራሱን መያዝ አለበት።

የደመራን ሥራ መስቀል አደባባይ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ሌላው ጉዳይ ፍተሻ ነው። ከአንድ በላይ ኬላ ላይ ቦርሳ ይከፈታል። ሁለት ዋና ዚፕ ያለውና ሙሉ በሙሉ የሚገለጥ ቦርሳ ፈታሹ በአንድ እይታ ያየዋል፤ ኪስ በኪስ የተሠራ፣ 15 ዚፕ ያለው ቦርሳ ሁሉም እንዲወጣ ያደርጋል። ባትሪና ሽቦ የተዘበራረቀበት ቦርሳ ጥያቄ ያበዛል፤ ሽቦዎቹን በአንድ ከረጢት ሰብስቡ። ድሮን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ስለማይገባም ለድሮን ብሎ የተሠራ ክፍል ያለው ቦርሳ ላይ ትርፍ ገንዘብ ማውጣት ለአብዛኛው ሰው አይጠቅምም።

ቤተ ክርስቲያን ለምትገቡ አንዲት ትንሽ ምክር፦ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ሁሉ ጫማችሁ የሚገባበት ነገር ያስፈልጋል። አቧራ የጠጣ ጫማ ከካሜራ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይገባም። ከውጭ በኩል ሁለት ማሰሪያ ወይም የሚለጠጥ ኪስ ያለው ቦርሳ ምረጡ፣ አንድ ባዶ ፌስታል ሁልጊዜ እዚያ ይኑር።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ሦስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ። 6 ኪሎ ማለት ነው፣ ከእውነተኛ ዕቃችሁ ትንሽ ይበልጣል። ቦርሳው ውስጥ ክተቱና በአንዱ ማንገቻ ብቻ አንሥታችሁ ላይ ታች አድርጉት። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተሰፋበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ክሩ መሳሳብና ጨርቁ ላይ ቀዳዳ መታየት ከጀመረ አትግዙ። ቦርሳ ሲበጠስ በአብዛኛው የሚበጠሰው እዚያ ነው፣ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ትከሻ ስለሚያነሣው። ጥሩ ስፌት ቦታው ላይ ተመላልሶ የተደረደረ፣ ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ መስቀል ያለበት ነው። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ማርካው ምንም ይሁን አይቆይም። ከላይ ያለውን የእጅ መያዣም እንዲሁ ፈትኑት።

ከዚያ ሁለቱንም ማንገቻ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ቁሙ። የሻጩ ፊት አያሳፍራችሁ። ማንገቻው አንገት ሥር ከነካ ወይም ከብብት በታች ካሻከረ፣ ስድስት ሰዓት በሚፈጅ ሰርግ ላይ አይቻልም። ትንንሽ ቦርሳዎች ላይ ያለው ቀጭን የወገብ ማሰሪያ ክብደት አይሸከምም፤ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ብቻ ይይዛል። ክብደት ወደ ወገብ የሚያወርደው ውስጡ ጠጣር ሰሌዳ ያለው፣ ጀርባችሁን በርዝመት የሚገጥምና ቀበቶው ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ነው። ዕቃችሁ ከ6 ኪሎ የሚበልጥና በእግር ብዙ የምትሄዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስሜን ተራሮች፣ ትንሽ ቦርሳ የሚለውን ሐሳብ ትታችሁ ባለ ቀበቶውን ፈልጉ። የደረት ማሰሪያ ግን ለሁሉም ያስፈልጋል።

ዚፑን ደጋግማችሁ ዝጉ ክፈቱ፣ በተለይ ማዕዘኑ ላይ። በሰላ ማዕዘን የሚዞር ዚፕ ቶሎ ያልቃል፤ ክብ ብሎ የሚዞረው ይሻላል። ዋናው ዚፕ ወፈር ያለ ይሁን፤ ቁጥር 8 ወይም 10 ጥሩ ነው፣ ቁጥር 5 ለውጭ ኪስ እንጂ ለዋናው በር ይሳሳል። የዚፑ ራስ (የሚጎተተው ክፍል) ላይ «ዋይኬኬ» የሚል የጃፓኑ ኩባንያ ምልክት ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ያስተማምናል። ስፖንጁን በአውራ ጣታችሁ እስከ ታች ተጫኑት፤ ጣታችሁ ማዶ ያለውን ጨርቅ ከነካ ስፖንጁ ካሜራ አያድንም። ጥሩው ስፖንጅ ጠንከር ይላል፣ ስትለቁት ወዲያው ይመለሳል። መከፋፈያዎቹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ለጥፉ፤ ቬልክሮው (ተጣባቂው ጨርቅ) በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ሆኖ መያዝ አለበት። የላላ መከፋፈያ ላይ ያለ ከባድ ሌንስ ስትራመዱ ቀስ በቀስ ይወርድና ከሥሩ ያለው ካሜራ ላይ ይተኛል።

የላፕቶፑ ኪስ ውስጥ እጃችሁን እስከ ታች ክተቱ። ኪሱ ከቦርሳው ወለል 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ማለቅ አለበት። እስከ ወለሉ ከወረደ ቦርሳውን ሲሚንቶ ላይ ባስቀመጣችሁ ቁጥር የላፕቶፑ ጠርዝ ሲሚንቶውን ይመታል። ይህን ቀላል ነገር ብዙ ውድ ቦርሳ ሳይቀር ያጎድለዋል።

ስለ ሌባ፦ «ካኖን» ወይም «ኒኮን» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ ውስጡ ምን እንዳለ ለሁሉም ይናገራል። ጽሑፉን በመርፌ ጫፍ ፍቱት ወይም በጥቁር ጨርቅ አሰፉበት። ተራ የተማሪ ቦርሳ የሚመስለው ከሁሉ ይሻላል። ምላጭ የሚሞክረው ስስ የሆነውን የፊት ኪስና የጎኑን ነው፤ ስልክና ሚሞሪ እዚያ አይቀመጥ። የተነሣበት ሚሞሪ ቦርሳ ውስጥ ጨርሶ ባይኖር ይመረጣል፤ የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ካሜራ ይገዛል፣ የሰው ሰርግ ግን ተመልሶ አይነሣም።

ከሌባ ይልቅ ብዙ ዕቃ የሚያጠፋው ሳይዘጋ የተነሣ ቦርሳ ነው። ሌንስ ለመቀየር ትከፍታላችሁ፣ ሰው ይጠራችኋል፣ ትነሣላችሁ፣ የቀረው መሬት ላይ ነው። ክዳኑን በመለሳችሁ ቁጥር ዚፑን ዝጉ፤ «አሁን እመለሳለሁ» የሚባል ነገር የለም። ሁለት ራስ ያለውን ዚፕ ደግሞ ራሶቹን አናት ላይ አታገናኟቸው፣ ክብደት ሲስባቸው ይለያያሉ። ሁለቱንም ወደ አንዱ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ዝጉ።

ዝናብ፣ አቧራና እርጥበት

ቦርሳ ላይ «ውኃ አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ካፊያን እንጂ የሐምሌን ዝናብ አይመለከትም። ጨርቁ ቢችልም ውኃው በስፌቱና በዚፑ ራስ ሥር ይገባል። የዝናብ ሽፋን ያለው ቦርሳ ምረጡ፤ የቦርሳ አምራቹ ሎውፕሮ «ኤደብሊው» (AW) ብሎ የሚሰይማቸው ሽፋኑ አብሯቸው ነው የሚመጣው። ሽፋኑ ግን ጀርባችሁ የሚያርፍበትን ክፍል አይሸፍንም። ከአንገታችሁ የሚወርደው ውኃ በማንገቻው ተንሸራቶ በዚያ ይገባል፣ የገባውም ሽፋኑ ሥር ተጠራቅሞ የቦርሳውን ወለል ያርሳል። ስለዚህ ከሽፋኑ ሌላ ወፍራም ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ቦርሳው ውስጥ ይኑር፤ ዝናቡ ሲጠና ካሜራውን ከነሌንሱ በፌስታሉ ጠቅልላችሁ ትመልሱታላችሁ። ጃንጥላ ያለው ሰው ከኋላችሁ መሄዱም ይረዳል።

የረጠበ ቦርሳ ውስጥ ካሜራ አያድርም። ቤት ስትደርሱ ሁሉንም አውጡ፣ መከፋፈያዎቹን ንቀሉ፣ ቦርሳውን ከፍታችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት የጨርቁን የውስጥ ሽፋን ያደርቀውና ይሰነጣጥቀዋል፤ ከዓመታት በኋላ እንደ ቆዳ የሚላጠውና የሚጣበቀው እሱ ነው።

ከዚህ የከፋው ሻጋታ ነው። ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል፤ ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ሥር የከረመ ሌንስ መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ያበቅላል። ሌንሱን በባትሪ መብራት ከኋላ አብርታችሁ በፊት በኩል ስታዩ ይታያችኋል። ቦርሳ የማጓጓዣ ነው፣ የማከማቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ዕቃውን ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥጠው የሲሊካ ጄል ከረጢትና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር አኑሩት። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢያሳይ መልካም ነው፤ 60ን ካለፈ ሲሊካው ጠግቧልና ቀይሩት። ቀለሙ የሚለወጠው ዓይነት ፍሬው ከከረጢቱ ወጥቶ ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመለሳል።

ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሙቅና እርጥብ አየር ስትወጡ ሌንሱ እንፋሎት ይለብሳል። ዱባይ ወይም ጅቡቲ ላይ በኤሲ ከቀዘቀዘ ክፍል ወጥታችሁ ወዲያው ቦርሳውን ከከፈታችሁ ይህ ይደርስባችኋል። ዚፑን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ አቆዩት፣ ዕቃው ቀስ ብሎ ይሙቅ። ውፍረት ያለው ስፖንጅ ካላችሁ ጊዜውን ጨምሩ።

አፋር ላይ፣ በተለይ ደናክል፣ አቧራው ጨው አለበት። የዚፑ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ያደርቀዋል፣ ራሱንም ይፍቀዋል። ማታ ማታ ዚፑን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና እንዲደርቅ ተዉት። ሰው የለመደው ሻማ መቀባት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል፣ አቧራ ባለበት አገር ግን ሰሙ አቧራውን ይሰበስባል። እዚያ የእርሳስ ጫፍ ማሸት ይሻላል። ቬልክሮው ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር በመርፌ ንቀሉት፣ መያዙ ይመለሳል።

ካሜራ ቦርሳ ሳትገዙ

በጀት ያነሰው ሰው፣ ወይም ጨርሶ የካሜራ ቦርሳ የማይመስል የሚፈልግ፣ ጥሩ ተራ ቦርሳ ገዝቶ ውስጡን ይሥራ። ለብቻው የሚሸጥ ባለ መከፋፈያ የስፖንጅ ሣጥን አለ፤ ቴንባን የመሰሉ አምራቾች ይሠሩታል፣ ከውጭ ሲመጣም ቀላል ነው። በእጅ ለመሥራት ደግሞ ለስፖርት መሬት ላይ የሚዘረጋውን ምንጣፍ ተጠቀሙ፣ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፤ ውኃ ይጠጣል፣ በትንሽ ጊዜም ይጠቀጠቃል። የቦርሳውን የውስጥ ልክ ወስዳችሁ ወለሉን ሁለት ድርብ፣ ግድግዳዎቹን አንድ ድርብ ቁረጡ፣ በሙጫ አያይዙና ልብስ ሰፊ ጋ ለስላሳ ጨርቅ አልብሱት። ጨርቁ ቬልክሮ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ መከፋፈያውን እንደፈለጋችሁ ታዛውሩታላችሁ። ወለሉ ላይ አትሰስቱ፤ ቦርሳ በየቀኑ የሚመታው በወለሉ ነው።

ስለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) አንድ ቃል ብቻ፦ ከጎን ኪስ ላይ ሲታሰር ቦርሳውን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። 1.5 ኪሎ ያህል ከሆነ ከፊት መሐል ላይ የሚታሰርበት ማሰሪያ ያለውን ቦርሳ ፈልጉ፣ ወይም በእጅ ያዙት። የውኃ ኮዳ ከካሜራው በር ተቃራኒ ባለው የውጭ ኪስ ይግባ፣ ውስጥ በፍጹም አይግባ።

ጥገና

ዚፑ ራሱ ካለፈበት በኋላ መልሶ የሚከፈት ከሆነ ጥርሱ አልተበላሸ ይሆናል፤ ራሱ ሰፍቶ ነው። ራሱን ወደ መነሻው መልሱትና በፒንሳ ከኋላው በኩል ግራና ቀኙን ጥቂት ጥቂት ጨመቅ አድርጉ፣ እየሞከራችሁ። በአንዴ ከጨመቃችሁት ይሰነጠቃል። ሁለተኛ ጊዜ ከላላ ራሱን ማስቀየር ነው፤ ሙሉ ዚፕ መቀየር አያስፈልግም።

ማንገቻው መላቀቅ ሲጀምር ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱት። የልብስ ሰፊ ማሽን ያን ውፍረት አያልፍም፣ ክሩም ቀጭን ነው። የናይሎን ክር እንዲጠቀምና ከአሮጌው ስፌት 1 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ፣ ወደ ጤነኛው ጨርቅ ገብቶ እንዲሰፋ ንገሩት፤ በአሮጌው ቀዳዳ ላይ የተሰፋ መልሶ ይቀደዳል። ከውስጥ በኩል የቆዳ ቁራጭ ቢያስደርብበት ክሩ ጨርቁን አይበላውም። ሲጨርስ እዚያው ቆማችሁ ሦስቱን ሃይላንድ ክተቱና በአንዱ ማንገቻ አንሡት።